ሕመም ዝም ሲል፦ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያዎችና የሌዘር ሕክምና ታሪክ ከዘነበወርቅ ሲታይ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከሕክምና ታሪክ የተወሰደ ቢሆንም፣ ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። የመሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከፈጣሪው ወገን ነው፤ ማን ፈለሰፈው፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ከተማ። እኔ ግን ታሪኩን ከመሣሪያው ማዶ፣ አገጩን በማስደገፊያው ላይ አሳርፎ ብርሃኑን ከሚቀበለው ሰው ወገን ሆኜ ላየው እፈልጋለሁ። ከዚያ ወገን ሲታይ ዋናው ጥያቄ «መሣሪያው መቼ ተፈለሰፈ?» የሚለው ሳይሆን «ምንም አላመመኝም የሚለውን ሰው መመርመር መቼ ተጀመረ?» የሚለው ይሆናል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር የተሻለ መነሻ በሀገራችን አላውቅም። የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ የሀገራችንን ታሪክ ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ፣ የውጭውን ስጠቅስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ብዬ እለያለሁ።

የሰፈሩ ስም

ዛሬ የታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው የሰው ስም መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። በዚያው ዘመን በከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው፣ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ያስተዳድረው የነበረው ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። ቦታው በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በዓለም ዙሪያ እንደሚደረገው ሁሉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ዓይን እንዲርቁ ይፈለግ ነበርና። ሕሙማኑ ከየክፍለ ሀገሩ ረጅም መንገድ ተጉዘው መጡ፤ ከታከሙም በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ልጆች ወለዱ። ከተማው እያደገ መጥቶ በመጨረሻ በመካከሉ አደረጋቸው።

በ1958 ዓ.ም. ይህ ሆስፒታል መልኩን ቀየረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ድርጅቶች ጋር ተባብረው፣ ዛሬ አለርት በሚለው ምሕጻረ ቃል የምናውቀውን የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የተሐድሶና የሥልጠና ማዕከል አቋቋሙ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በዚያው ግቢ አጠገብ ተመሠረተ። ሰዎችን ለማራቅ የተመረጠ ስፍራ ከአህጉሩ ሁሉ ባለሙያዎች ለመማር የሚመጡበት ሆነ።

ዝም ያለው ዓይን

የሥጋ ደዌ ሲነሣ ሁላችን የምናስበው እጅንና እግርን ነው። ዓይንን ግን እንዘነጋለን። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ከሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታን ይመርጣል፤ ስለዚህ ቆዳን፣ ለቆዳ የቀረቡ ነርቮችን፣ አፍንጫንና የዓይንን የፊት ክፍል ያጠቃል። በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በሁለት ነርቮች ያልፋል። አንደኛው የዓይን ቆብን የሚያስከድነው የፊት ነርቭ ነው፤ እርሱ ሲጎዳ ሰውየው ተኝቶም ዓይኑ በከፊል ክፍት ይቀራል። ሁለተኛው ኮርኒያ ተብሎ ለሚጠራው ብርሃን አስተላላፊ የዓይን የፊት ሽፋን ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ነው፤ እርሱ ሲጎዳ አቧራ ቢገባ፣ ሽፋሽፍት ቢፍቅ፣ ቁስል ቢወጣ ባለቤቱ አይሰማውም።

ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል አስቡት። ዓይኑ አይከደንም፤ ስለማይከደን ይደርቃል፣ ይቆስላል። ቁስሉ አያምም፤ ስለማያምም ባለቤቱ ወደ ሐኪም አይሄድም። ከዚህ ሌላ በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም የዓይን ክፍል፣ ሐኪሞች አይሪስ የሚሉት፣ ለዓመታት ቀስ በቀስ እየተቆጣ ይሳሳል፤ ብሌኑም እየጠበበ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይሆናል። ይህም ያለ ከፍተኛ ሕመምና ያለ ግልጽ መቅላት ሊፈጸም ይችላል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምሳሌው በሽተኛው በሽታውን እንደሚያውቅና የሚደብቀውም እርሱ እንደሆነ ያስባል። የሥጋ ደዌ ያስተማረን ግን የከበደ ነገር ነው፦ በሽታው ራሱን ከበሽተኛውም የሚደብቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ «ለምን ቶሎ አልመጣህም?» ብሎ በሽተኛውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሕመም ካልጠራው በምን ይምጣ?

ብርሃኑን የማስገባት ጥበብ

እዚህ ላይ ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። ለብዙ ሺህ ዓመታት የሰው ልጅ የሌላውን ዓይን ከውጭ ከማየት በቀር ውስጡን ማየት አልቻለም ነበር። ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን በመጣበት መስመር ስለሚመለስ ነው፤ ያን ብርሃን ለማየት የሚሞክር ሰው ደግሞ በመስመሩ ላይ ሲቆም በራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርዳል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ለዓለም ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ይህን እንቆቅልሽ በቀላል ዘዴ ፈታው። ስስ መስተዋቶችን በማዘንበል የመብራቱን ብርሃን ወደ ዓይን አስገባ፤ እርሱ ራሱም በዚያው መስተዋት አሻግሮ ተመለከተ። በዚህ መንገድ ብርሃን የሚያርፍበት የዓይን የውስጥ ግድግዳ፣ ሬቲና፣ በሕያው ሰው ላይ ታየ።

ለዘነበወርቅ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ስዊድናዊው አልቫር ጉልስትራንድ፣ ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚሰብር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1911 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው፣ በዚያው ዓመት አንድ መብራት አሳየ። መብራቱ ብርሃኑን በቀጭን ስንጥቅ አሳልፎ እንደ ስለት በዓይን ላይ የሚያሳርፍ ነበር። ይህ መብራት ቆይቶ በሁለት ዓይን ከሚታይበት ማይክሮስኮፕ ጋር ተጣምሮ ዛሬ በየዓይን ክሊኒኩ የምናየውን ስሊት ላምፕ ወለደ። ክፍል ውስጥ በበር ስንጥቅ የገባ የፀሐይ ጨረር በአየር ላይ ያለውን ትቢያ እንደሚያሳየን፣ ይህም ቀጭን ብርሃን ብርሃን አስተላላፊ የሆነውን የዓይን ክፍል በቁመት ቆርጦ ያሳያል። ኮርኒያው የት እንደሳሳ፣ ከኋላው ባለው ፈሳሽ ውስጥ የቁጣ ሕዋሳት መንሳፈፋቸው፣ አይሪሱ መሳሳቱ በዚህ ይታያል። በሥጋ ደዌ በተጠቃ አይሪስ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚገኙትን፣ እንደ ዕንቁ ፍሬ ነጫጭ የሆኑትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች በዐይን ብቻ ለይቶ ማግኘት አዳጋች ነው፤ በስሊት ላምፕ ግን ይገኛሉ። በአጭሩ ይህ መሣሪያ በጎደለው የሕመም ስሜት ቦታ የቆመ ምስክር ነው።

ጥጥ፣ ባትሪና ጣት

ይሁን እንጂ ስሊት ላምፕ ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከክሊኒኩ ንቅንቅ አይልም። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ግን በብዛት የሚኖረው በገጠር ነው። ስለዚህ የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ሥራ የመሣሪያዎችን ሰንሰለት ከታች መጀመር ነበረበት። የጤና ሠራተኛው በሽተኛውን «እንደተኛህ ሆነህ ዓይንህን ቀስ ብለህ ክደን» ይለዋል፤ በቆቦቹ መካከል የቀረ ክፍተት ካለም ይለካዋል። 6 ሜትር ርቆ ጣቶቹን ያስቆጥረዋል። በእጅ ባትሪ ኮርኒያውን ያያል። የሠለጠነ ከሆነ በቀጭን የጥጥ ጫፍ የዓይንን ስሜት ይፈትሻል። በዓለም ጤና ድርጅት የአካል ጉዳት ደረጃ አሰጣጥ መሠረት በ6 ሜትር ርቀት ጣት መቁጠር ያልቻለ ዓይን በከባዱ፣ በሁለተኛው ደረጃ ይመዘገባል። ዓይን፣ እጅና እግር በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ።

ከዚህ አሠራር ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ቁም ነገር መሣሪያው አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ምርመራው የሚደረገው በሽተኛው ዓይኔን አመመኝ ስላለ ሳይሆን የሥጋ ደዌ ስላለበት ብቻ ነው። ዓይኔ ደኅና ነው ቢልም ይመረመራል፤ ባለፈው ወር ተመርምሮ ደኅና ነው ተብሎ ቢሆንም እንደገና ይመረመራል። በጥጥና በጣት የተጠረጠረው ወደ ስሊት ላምፕ ይላካል፤ በስሊት ላምፕ የተረጋገጠው ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ቢበጠስ የላይኛው መሣሪያ ሥራ ይፈታል።

የዚህ ጥንቃቄ አስፈላጊነት በጥናትም ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት የጠበብት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ወደ ሀገራችን ከገባ በኋላ፣ ባክቴሪያው ስለሚሞት የዓይኑም ጉዳይ አብሮ ያበቃል የሚል ተስፋ ነበር። አለርት ከሕንድና ከፊሊፒንስ ማዕከላት ጋር የተሳተፈበት፣ ሕሙማንን ለዓመታት የተከታተለ የዓይን ጥናት ውጤቱ ታትሟል። ጥናቱ ያሳየው መድኃኒቱን በወጉ የጨረሱ ሰዎችም ከዚያ በኋላ አዲስ የዓይን ጉዳት ሊያገኛቸው እንደሚችል ነው። «ድኗል» ተብሎ ከመዝገብ የተሰረዘው ሰው ዓይኑ ገና ይጠበቃል ማለት ነው።

ከፀሐይ ግርዶሽ እስከ ሌዘር

አሁን ወደ ሌዘር እንሻገር። መነሻችን ደግሞ ሌላ የዝምታ ታሪክ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በታየ ጊዜ፣ በባዶ ዓይን አትመልከቱ የሚል ማስጠንቀቂያ መሰማቱን ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም፤ እየተቃጠለ «ተው!» አይልም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ጌርድ ማየር-ሽቪክራት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግርዶሽ ተመልክተው የተጎዱ ሰዎችን ሬቲና ባየ ጊዜ፣ ጠባሳው በሐኪም እጅ ቢገራ መድኃኒት እንደሚሆን አሰበ። የተቀደደ ሬቲና ከግድግዳው እንዳይላቀቅ ዙሪያውን በብርሃን ጠባሳ መስፋት ይቻል ይሆን? መጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት እየመራ ሞከረ፤ ደመና ሲያስቸግረው ወደ ዜኖን መብራት ተሸጋገረ።

እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በሩቢ ድንጋይ ሠራ። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ገደማ የአርገን ሌዘር ለዓይን ሕክምና ዋለ። የአርገን አረንጓዴ ብርሃን በደምና በሬቲና ሥር ባለው ጥቁር ቀለም በሚገባ ስለሚዋጥ፣ ሌላውን ሳይነካ የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ያሞቃል። የሌዘሩ ጨረር ወደ ታካሚው ዓይን የሚደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያው በስሊት ላምፕ ላይ ተገጥሞ ነው። የጉልስትራንድ መብራት ሐኪሙ የሚያይበት ብቻ ሳይሆን የሚያክምበትም ሆነ።

በመሣሪያውና በሬቲናው መካከል ግን አንድ ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ ጀግናዋ እርሷ ናት ብል አላጋንንም። የሰው ዓይን ራሱ 60 ዳዮፕተር ያህል ኃይል ያለው ሌንስ ስለሆነ፣ ስሊት ላምፕ ብቻውን ከፊት ለፊቱ ክፍል አልፎ ሬቲናን አጥርቶ ማሳየት አይችልም። በስዊዘርላንድ የበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ሃንስ ጎልድማን በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያዘጋጀው በኮርኒያ ላይ የሚያርፍ ሌንስ የኮርኒያውን ኃይል ይሽራል፤ በውስጡ ባሉት ሦስት መስተዋቶችም ዳር ዳሩን ያሳያል። ዓይንን ሳይነኩ የሚያዙት ባለ90 ዳዮፕተር ሌንሶች ደግሞ ምስሉን ገልብጠው፣ ግን ሰፋ አድርገው ያቀርባሉ። በሺህ የሚቆጠር ዋጋ ያለው ማሽን ቢኖር እንኳ ይህች ሌንስ ከተጫረች ወይም በአግባቡ ካልጸዳች፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ዝምታ

ሌዘር በዓይን ሕክምና ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዘው በስኳር ሕመም ምክንያት ነው። ስኳር የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጎዳ ሬቲናው ኦክሲጅን ይጠማዋል፤ በጥሙም አዳዲስ፣ ግን ቶሎ የሚፈነዱ የደም ሥሮች ያበቅላል። ሐኪሙ በሌዘር በሬቲናው ዳርቻ ላይ ብዙ ጥቃቅን ጠባሳዎች ሲያሳርፍ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ አዲሶቹ የደም ሥሮችም ይኮማተራሉ። ዳርቻው ተሠውቶ ማዕከሉ ይድናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ይህ ሕክምና ከባድ የዕይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ልብ በሉ፤ ጥናቱ «ይቀንሳል» አለ እንጂ «ይመልሳል» አላለም። በእርግጥ ያግ የሚባለው ሌዘር ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከተተካው ሌንስ በስተኋላ የሚደፈርሰውን ስስ ሽፋን ከፍቶ ዕይታን ሊመልስ ይችላል። የሬቲና ሌዘር ግን ያለውን ለማቆየት ነው፤ የሄደውን አይጠራም። ስለዚህ የሚጠቅመው ገና አጥርቶ ለሚያየው፣ ገና ለማይጨነቀው ሰው ነው። ግላኮማም እንዲሁ ከዳር እየበላ ወደ መካከል ይመጣል፤ አብዛኛው ዓይነቱም ሕመም የለውም። የዓይንን ግፊት በመሣሪያ ለክቶ፣ ከኋላ ያለውን ነርቭ በሌንስ አይቶ ያልያዘው ሰው የሚደርስበት በመጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ የዓይነ ሥውርነት መጠን 1.6 በመቶ መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ በቀላል ቀዶ ሕክምና ዓይኑ ሊበራ የሚችል ይህን ያህል ሰው እየጠበቀ ስለ ሌዘር ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቁጥሩ የሚለውን ቁጥሩ ይበል። ነገር ግን ቁጥር የማይለው አንድ ልዩነት አለ። የሞራ ግርዶሽ ራሱን ያሳውቃል፤ ሰውየው እየጨለመበት መሆኑን ያውቃል፣ ጎረቤትም ያያል። በአብዛኛውም ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ ቀዶ ሕክምናው ዕይታውን ይመልስለታል። የስኳርና የግላኮማ ጉዳት ግን ራሱን አያሳውቅም፤ ዘግይቶ ለመጣውም የሚመለስ ነገር የለም። አንደኛው ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል ማለቴ አይደለም፤ ሁለተኛው ወረፋ ላይ መሰለፍ እንዳለበት እንኳ አያውቅም ማለቴ ነው። ደግሞም ለሁለተኛው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ሌዘር አይደለም። የስኳር ክትትል በሚደረግበት ክፍል «ዓይንህ መቼ ታየ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በካርዱ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህ ጥያቄ የስኳር ሕመም ክፍል ጥጥና ጣት ነው።

ለታሪክ ጸሐፊው የቀረ ሥራ

ዛሬ በሀገራችን የዓይን ሕክምና ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እስከ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የሐኪሞች ማሠልጠኛ አለው፤ አለርትም ከሥጋ ደዌ ማዕከልነት አልፎ ለሁሉም ሕመምተኛ በሩን የከፈተ ሆስፒታል ሆኗል፤ የዓይን ሕክምናም ይሰጥበታል። የእነዚህን ተቋማት ታሪክ ወደፊት የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ማሽን የተመረቀበትን ቀን ፎቶግራፍ በቀላሉ ታገኛላችሁ። እኔ የምመክራችሁ ከፎቶግራፉ ይልቅ መዝገቡን እንድትከፍቱ ነው። ስንት ሰው ሳያመው ተመረመረ? ከጤና ጣቢያ የተላከው ደረሰ ወይስ በመንገድ ቀረ? የመሣሪያው አምፖል ሲቃጠል ምትክ እስኪመጣ ምን ያህል ቀን ፈጀ? የአንድ መሣሪያ እውነተኛ የልደት ቀን በእነዚህ መልሶች ውስጥ ነው ያለው።

የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ያዙልኝ። በዘነበወርቅ የታከሙት ሰዎች ዓለም ከዓይኑ ያራቃቸው ነበሩ። በእነርሱ ምክንያት የዳበረው አሠራር ግን ዛሬ በስኳር ሕመምተኛው ዘመን የምንፈልገው አሠራር ነው፦ ሕመም ዝም ባለ ጊዜ ሐኪሙ ዝም ማለት የለበትም። የመጣውን ማከም ሙያ ነው፤ ለመምጣት ምክንያት የሌለውን ፈልጎ ማየት ግን ከሙያም በላይ ኃላፊነት ነው። ይህን ዕዳ ከእነዚያ ሕሙማን ተበድረናል፤ የምንከፍለውም ለሌሎች ነው።